በባጃጅ መብራት የተቀረጸ ፊልም

«ቀዩ ቦላሌ» 71 ደቂቃ ነው። በአሥር ቀን እንጨርሰዋለን ብለን 34 ቀን ፈጀብን። 25 ሺህ ብር ይበቃል ብለን 61 ሺህ ወጣበት። 11 ሆነን ጀምረን 12 ሆነን ጨረስን። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ ወይ መርሳ ወይ ወልድያ ላይ ካሜራ ተውሶ «የድሮ ዓይነት ፊልም እሠራለሁ» የሚል ልጅ ካለ፣ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ እንዳይገባ ነው። ሌላ ጉድጓድ አይጠፋም፣ የራሱን ይፈልግ።

ያደግሁት ደሴ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት ብል ይቀርባል። መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ነበር። በአንድ ብር ሁለት ፊልም፤ መጀመሪያ ካራቴ፣ ቀጥሎ ህንድ። ቡጢው ሳያርፍ ድምፁ ይቀድማል። የሰውየው አፍ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። ካሜራው ካለበት ተወርውሮ ቦሱ ዓይን ላይ ይለጠፋል። ደሙ ቀለም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቢሆንም እንጮሃለን። አክተር አይሞትም፤ ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር በልጅነቴ አልነበረም።

እነዚያ ፊልሞች የቤተሰብ ስም እንዳላቸው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ፈረንጆቹ ኤክስፕሎይቴሽን ይሏቸዋል። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በእነሱ አቆጣጠር፣ አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ድርጅቶች በትንሽ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ የሚያወጧቸው ነበሩ። የሚሸጡት ፖስተር ላይ በሚያጓጓው ነገር ነው፤ በቀል፣ ድብድብ፣ ፍርሃት፣ ደም። አንዳንዶቹ ጋ ርዕሱና ፖስተሩ ቀድሞ ይሠራና ድርሰቱ በኋላ ይጻፋል። ሮጀር ኮርማን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960 የአንድ ሙሉ ፊልም ዋና ቀረጻ በሁለት ቀን ጨርሷል። ፓም ግሪየር ደግሞ በ70ዎቹ አፍሮዋን አቁማ፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ ስትጥል ታዩዋታላችሁ። ይባስ ብሎ፣ ከዚያው ዘር የሆነው «ሻፍት ኢን አፍሪካ»፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው፣ ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ የኡጋንዳዎቹን አየሁ። ይስሐቅ ናብዋና የሚባል ሰው ካምፓላ ዳር ባለ ድሃ ሠፈር፣ ዋካሊጋ፣ መሣሪያውን ከእንጨትና ከብረት ቁርጥራጭ እየሠራ ሠፈርተኛውን ተዋናይ አድርጎ ፊልም ያወጣል። እሱ ከቻለ እኔን ምን ያዘኝ አልኩ። የያዘኝ ብዙ ነገር እንደነበር ቆይቶ ገባኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኤክስፕሎይቴሽን የሚለው ቃል በአማርኛ ሲፈታ ብዝበዛ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። መናኸሪያ አጠገብ ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። የወንድሟ ጭነት መኪና ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዲበጠስ ያደረገ አንድ የኮንትሮባንድ ቦስ አለ። ልጅቷ ጦሳ ተራራ ላይ ከሚኖር ሽማግሌ ድብድብ ትማራለች። ከዚያ የእናቷን ቀይ ቦላሌ ለብሳ ትወርዳለች። በቃ። እኔም እንደ ድሮዎቹ ከፖስተሩ ጀመርኩ። ቦላሌው የእውነት የእናቴ ነው፣ ከሳጥን ሥር አወጣሁት። እናቴ አይታ «ይሄን ለብሼ ነው አባትህ ያየኝ፣ ብትቀድደው አልምርህም» አለችኝ። ፖስተሩን በስልክ አንስቼ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፣ በአንድ ምሽት አሥር ሰው አገኘሁ። ፖስተር እንዲህ ያደርጋል። ድርሰት አንብቡልኝ ብትሉ ማንም አይመጣም።

ቀረጻ የጀመርነው በየካቲት 2015 መጨረሻ ነው። ካሜራው የሰርግ ቀራጭ የሆነ ጓደኛችን ካነን ነው፣ ከሳጥኑ ጋር ከመጣው 18-55 ሌንስ ጋር። ለእንዲህ ዓይነት ፊልም ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የሌንሱን ቀለበት በእጅ ቶሎ ስትጠመዝዙት ያንኑ የድሮውን ዝላይ ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ግን ያን ጊዜውኑ መጣ። ተዋናዮቹን «አበላሹት» እላቸዋለሁ። ማይኩ ፍሬም ውስጥ ሆን ተብሎ እንዲገባ አደርጋለሁ። ቦሱ ሲስቅ ሦስት ጊዜ እንዲስቅ፣ የወደቀው ሰው ሳይመታ እንዲወድቅ። የድሮ ፊልም ማለት የተበላሸ ፊልም ነው ብዬ ነበር። በአራተኛው ምሽት የቀረጽነውን አንድ ቤት ተሰብስበን አየን። ማንም አልሳቀም። እኔ ራሴ አልሳቅሁም።

የሽማግሌውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ጋሼ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ጫታቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ እየቀለዱ አልነበረም» አሉኝ። ጨመሩና «አቅማቸው እዚያ ድረስ ነበር፣ እስከ ጫፉ ሄዱ። አንተ አቅምህ ሳያልቅ ቆምክ» አሉ።

የሦስቱን ቀን ቀረጻ ጣልነው። ከዚያ በኋላ ሕጋችን አንድ ሆነ፤ ያለንን ይዘን የምንችለውን ያህል ጥሩ አድርገን እንሥራ፣ የሚጎድለው ራሱ ይጎድላል። ጎደለም። እመኑኝ፣ ድህነትን በቀረጻ ላይ ማስመሰል አያስፈልግም፣ ሳይጠሩት ይመጣል።

ሁለተኛው ስህተት አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ቦሱ አምስት ክላሽ ነበረው። አናጢ ጓደኛችን ከባሕር ዛፍ ጠርቦ፣ በጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ ከአሥር እርምጃ ርቀት እውነት የሚመስል አድርጎ ሠራቸው። ለተኩሱ ድምፅ ርችት ገዛን። ለዚህ ሁሉ 2,800 ብር ወጣ። ከከተማው ዳር፣ ወደ ጦሳ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። ማንንም አላሳወቅንም። ገና ማለዳ ነው፣ ማን ያየናል አልን።

ደሴ ውስጥ ነን። ጦርነቱ ከተማችን የገባው ጥቅምት 2014 ነው። ያን ጊዜ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ነበር ያለፈው። ይህን የማያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም፣ ግማሾቻችን እኮ በእግራችን የሸሸን ነን። ግን ፊልም ሲይዝህ ያዞርሃል። እኔ የማስበው ስለ ጭሱ ነበር፣ ፀሐይ ሲነካው እንዴት ያምራል እያልኩ።

ሦስተኛው ርችት ከጮኸ በኋላ ሚሊሻዎች ከሁለት በኩል መጡ። እነሱ የያዙት ከእንጨት አልነበረም። «መሣሪያ ጣል!» ሲሉ ከልጆቹ አንዱ ደንግጦ ክላሹን ከመጣል ይልቅ ወደ ላይ አነሳው። ያ ሰከንድ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠው «ፊልም ነው ልጆቼ፣ ፊልም ነው፣ እንጨት ነው» እያሉ ሲጮሁ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ለአምስት ሰዓት ያህል ጣቢያ ቆየን። የካሜራውን ካርድ አዩት፣ እንጨቶቹን አገላበጧቸው። በመጨረሻ ኃላፊው ለቀቀን፤ አልሰደበንም፣ አልመታንም። «እኔ ብሆን ተኩሼ ነበር» ብቻ አለኝ። ልክ ነው።

የከፋው ግን ከጣቢያ ስንወጣ የጠበቀን ነው። ከቦሱ ሰዎች አንዱን የሚጫወተው ልጅ እናት ቤታቸው ከዚያ ዳገት ሥር ነው። ርችቱን ሲሰሙ ትንሿን ልጃቸውን ይዘው አልጋ ሥር ገብተዋል። እስከ አምስት ሰዓት አልወጡም። ልጃቸው ነው የተኮሰው። ሄደን ይቅርታ ስንጠይቅ ቡና አፍልተው ጠበቁን፣ ወሎ ነውና። ግን ሲኒውን ሲያቀብሉኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሲኒ ይዤ ቀና ማለት አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት ድርሰቱን ቀየርነው። መሣሪያ የሚባል ወጣ። ቦሱም ሰዎቹም ዱላ ያዙ፣ ልጅቷም ዱላ። ጋሼ ድሮ ከብት ሲጠብቁ የተማሩትን የዱላ አያያዝ አስተማሩን። ከክላሹ ይልቅ ዱላው መቶ እጅ ያምራል፤ በክላሽ ሰው ቆሞ ነው የሚተኩሰው፣ በዱላ ግን መቅረብ አለበት፣ ፊት ይታያል፣ ትንፋሽ ይታያል። አምስቱን የእንጨት ክላሽ እዚያው ግቢ ከሰል አድርገን ቡና አፈላንባቸው። ድርሰቱን የጻፈው ጓደኛችን በለውጡ አልተስማማም፣ «ሥራዬን አበላሻችሁት» አለ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ላናግረው ይገባ ነበር። ዘለልኩት።

ስለዚህ እባካችሁ። መሣሪያ የሚመስል ነገር ባትይዙ ይሻላል። ብትይዙም ባትይዙም ግን መጀመሪያ ደብዳቤ አውጡ። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮው፣ ከቀበሌው፣ ከፖሊስ። ፎቶ ኮፒውን እያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ ይያዝ፣ ዳይሬክተሩ ጋ ብቻ አይቅር። ወረቀት ደግሞ ሰፈርተኛውን አያረጋጋም። እኛ የእድሩን ለፋፊ ለምነን፣ በየቀረጻው ዋዜማ ማታ ማታ «ነገ ፊልም ነው፣ ጩኸት ብትሰሙ አትደንግጡ» ያስብልልን ነበር። ለአንድ ጊዜ መቶ ብር። ካወጣሁት 61 ሺህ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ያ ነው። በማግሥቱ ሰዉ ራሱ ሊያይ ይመጣል፣ ሕዝብ የሚያስፈልገው ትዕይንት ካላችሁ በነፃ አገኛችሁ።

ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስንመለስ መጋቢት 14 ሆኗል፣ ረመዳን ገባ። ሁዳዴ ቀድሞ ገብቷል። ይኼ እንግዲህ ካላንደር ያለማየት ስህተት ነው፣ ለወሎ ልጅ ደግሞ ምክንያት የለውም። ግማሾቻችን ውሃ አንቀምስም፣ ግማሾቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንበላም፣ የቀረን ደግሞ እነሱን እያየን መብላት እናፍራለን። እንደዚያ ሆነን ዳገት ላይ ዱላ እንማታለን። በሁለተኛው ቀን ጀግናዋን የምትጫወተው ልጅ ቀጥ ብላ ወደቀች። ካሜራማኑ ትወና መስሎት መቅረጹን ቀጠለ። ፊልሙ ላይ አለ፣ 43ኛው ደቂቃ ላይ፤ ሁሉም የሚያደንቀው አወዳደቅ ያ ነው።

ቀኑን ትተን ሌሊት ገባን። ከኢፍጣር በኋላ። ሁሉም በአንድ ላይ የሚበላው ስላስፈለገ የምስር ሳምቡሳ፣ ተምርና ሾርባ ሆነ ምግባችን፤ ለጾመኛውም ለአፍጣሪውም ይሆናል። የምሳ ወጪ ቀረ፣ ጉልበት ተመለሰ። በእውነቱ ቀረጻው የተወደደልን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነው።

ግን መብራት የለንም። ከመካከላችን አንዱ ባጃጅ ይነዳል። የፊት መብራቱን ነጠላ ጋርደንበት ስንሞክር፣ ብጫ፣ ለስላሳ፣ ልክ የዚያ ዘመን ፊልም ቀለም። ሁለተኛ ባጃጅ ተከራይተን ከኋላ አበራን፣ የቦላሌው ጠርዝ ቀይ ሆኖ ከጨለማው ተለየ። ጋሼ «በል አሁን ፊልም ሆነ» አሉ። በልግ ስለሆነ ዝናብ ይመጣል፣ ከዝናቡ በኋላ የደሴ ጉም ይወርዳል። ጉምን በገንዘብ የሚገዙ አሉ፣ እኛ በነፃ ነበረን። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የሱቅና የመንገድ አምፖል ካለ ምስሉ እንዳይርገበገብ የካሜራችሁን ሸተር (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/50 ላይ አድርጉ፣ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ። ሌላው፣ ሞተር ሳይነሳ መብራት አታብሩ። የባጃጁ ባትሪ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞተ። ደሴ ዳገት በመሆኗ አላህ ይመስገን፣ ገፍተን ቁልቁል ለቀቅነውና ተነሳ። ባለቤቱ ግን አዲስ ባትሪ እስኪገዛ ድረስ ለሳምንታት ሲያስገፋ ከርሟል። ባትሪው በእኔ ወጪ መሆን ነበረበት። ያን ጊዜ አልከፈልኩም።

ስለ ደሙ ቶሎ ልበል። ቀይ ሥር ቀቅለን ሞከርን፣ ካሜራ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ስኳር አቅልጠን የምግብ ቀለም ጨመርንበት፣ ቀለሙ አማረ፣ ግን ቀን ቀን ንብና ዝንብ ይወርሰናል። ትንሽ ቡና ስትጨምሩበት ይጠቁራል፣ እውነት ይመስላል። የተዋሳችሁት ጋቢ ላይ ግን እንዳይነካ። የተዋስነው ጋቢ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ፋሲካና ዒድ በዚያ ዓመት በአምስት ቀን ልዩነት ዋሉ። ከፋሲካ በፊት ጨረስን። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኔም ድምፁን ከፍቼ አዳመጥኩ።

ንፋስ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንፋስ። ጦሳ ላይ የቀረጽነው እንዳለ ጠፍቷል፣ ሌሊት የቀረጽነው ላይ የባጃጅ ሞተር ነው የሚሰማው። በ34 ቀን ውስጥ አንድም ቀን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ያዳመጠ ሰው አልነበረም። ማይኩ ላይ ትንሿ መብራት ከበራች ይቀዳል ብለን ነው። ምስል ከተበላሸ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ከተበላሸ ግን ይነሳል። አንድ ሰው መድቡ፣ ሌላ ሥራ አይኑረው፣ ጆሮውን ብቻ ይዞ ይቁም። በየቦታው ደግሞ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ የቦታውን ድምፅ ቅዱ፣ ኤዲት ስታደርጉ ትመርቁኛላችሁ።

ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ። እነዚያ የሆንግ ኮንግ ካራቴ ፊልሞች እኮ አብዛኞቹ ያለ ድምፅ ነው የሚቀረጹት፣ ድምፁ ከኋላ ነው የሚጨመርበት። አፉ ከተዘጋ በኋላ ቃሉ የሚመጣው ለዚህ ነው! በልጅነቴ የሳቅሁበት ነገር መውጫ በር ሆነልኝ። ሙሉውን ፊልም በድምፅ እንደገና ልንሠራው ወሰንን።

ክፍሉ የአክስቴ ጓዳ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ፣ በሩ ላይ ፍራሽ። ችግሩ ጀግናዋ የለችም። ግንቦት ላይ ቪዛዋ መጥቶ ዓረብ አገር ሄደች። በስልክ ድምፅ ላከች፣ ግን የምትሠራበት ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነው የምትቀዳው፣ ለድብድብ አይሆንም። ሌሎች ሴቶች ሞከሩ። እንደ ዜና አነበቡት።

አንድ ቀን እነዚያ አልጋ ሥር የገቡት እናት ለልጃቸው ምሳ ይዘው መጡ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ድርሰቱ ላይ ልጅቷ ቦሱን «የወንድሜን ደም ዛሬ እበቀላለሁ!» ነው የምትለው። ሳቁ። «እንዲህ ብላ የምትማታ ሴት አይቼ አላውቅም» አሉ። እሺ እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ? አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማይኩ ዞሩና «ና እስቲ ቅረብ። እናትህ ሳትቀጣህ ነው ያደግኸው፣ እኔ ልቅጣህ» አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ ጮህን።

የጀግናዋ ድምፅ እሳቸው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አፏን ስትከፍት የሃምሳ ዓመት ሴት ድምፅ ይወጣል፣ አንዳንዴ ከአፏ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ። ድርሰቱን ግማሹን ቀየሩት። መደንገጥ ሲኖርባት አይደነግጡም። መሳደብ ሲኖርባት ይመርቃሉ፣ ምርቃታቸው ከስድብ ይከፋል፤ ቦሱን «አላህ ልብ ይስጥህ፣ ጥርስህን ግን ይውሰደው» ሲሉት አዳራሹ ውስጥ ሰው ከወንበሩ ተነሥቷል። ድምፅ ለሚያስገባ ሰው የምመክረው ይኼን ነው። ያነበበ የሚመስል አትፈልጉ። ቃሉን አስረድታችሁ ስጡትና በራሱ አፍ ይበለው።

ሙዚቃው ላይም ተሳስቻለሁ። የ60ዎቹን አንድ ዝነኛ ዘፈን ከኢንተርኔት አውርጄ ከጭፈራው ሥር አስገባሁት። የፊልሙን ማስታወቂያ ኢንተርኔት ላይ ስጭነው ወዲያው ታገደ። ሕጉም አለ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996። የሰው ዘፈን የሰው ነው፣ «ክብር ለመስጠት ነው» ማለት አያድንም። ደግነቱ ወሎ ነን። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንድ ጊታር ተጫዋች 3,000 ብር ከፍለን፣ ፈርመው፣ የድብድቡን ሙዚቃ በባቲ ቅኝት ሠሩልን። ማሲንቆው ሲፋጠን ዱላው ራሱ የተሳለ ይመስላል።

ኤዲቱ በአንድ ደካማ ላፕቶፕ፣ በነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነው የተሠራው። ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የምስሉ ቅጂ) ካልሠራችሁ 8 ጊጋ ራም ይዛችሁ አትሞክሩት። አሮጌ እንዲመስል ጭረትና ብናኝ ደርቤ ነበር። ለሙከራ ስጭነው ግን ብናኙ በስልክ ላይ ወደ ድፍን አራት ማዕዘን ተለወጠ፤ ኢንተርኔት ላይ ምስል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሞተው ብናኝ ነው። ሁሉንም አነሳሁት። ቀለሙን ብቻ ትንሽ ወደ ብጫ ወሰድኩ፣ የባጃጁ መብራት የቀረውን ሠርቷል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የክልሉ ነገር ተለወጠ። ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ፊልሙ ላፕቶፑ ውስጥ ተቀመጠ። በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጬ አንዱን አክስቴ ጋ፣ አንዱን ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ አስቀመጥኩ። ያን ማድረጌ ብቻ ነው በዚያ ዓመት ያልተሳሳትኩት።

ያሳየነው ሰኔ 2016 ነው፣ አንድ የሰርግ አዳራሽ ተከራይተን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሁለት ጊዜ። መግቢያ 50 ብር። 212 ሰው ገባ። 10,600 ብር። ለአዳራሹ 4,000 ከፈልን። 6,600 ቀረ።

አሁን ወደዚያ ቃል ልመለስ።

ሁሉንም ሰው ስጠራ የነገርኳቸው «ሲሸጥ እንካፈላለን» ብዬ ነው። ስንት? ከምን ላይ? ወጪው ቀድሞ ይነሳል? ካሜራ ያመጣው ሰው ከሌላው ጋር እኩል ነው? አልተጻፈም፣ አልተነገረም። ጓደኛሞች ነን፣ ወረቀት ያስፈልጋል ወይ ብዬ ነው። ለማሲንቆ ተጫዋቹ ወረቀት አስፈርሜያለሁ፣ ጾሙን ይዞ ዱላ ለበላው ጓደኛዬ ግን የለኝም። ያን ሁሉ ወር ብዝበዛ ማለት ፖስተር ላይ ያለው ደም ይመስለኝ ነበር። ባጃጅ ሲያስገፋ የከረመውን ልጅ ባትሪ ያልከፈልኩት እኔ ነኝ።

ለ12 አካፈልኩት፣ ለእያንዳንዱ 550 ብር። የወጪዬን አልቆረጥኩም። የጀግናዋን ድርሻ ለእናቷ ሰጠሁ። ካሜራማኑ አልቀበልም አለ፣ ፊልሙ ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ያምናል። ምናልባት ልክ ነው፣ አልተጻፈማ። ድርሰት ጸሐፊው ደግሞ ስሙን መጨረሻ ላይ «ከሌሎች ጋር» ብዬ ከአምስት ሰው ጋር ደባልቄ ጽፌዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ተነሥቶ ወጣ። እኔ መብራቱ እስኪበራ አላየሁትም። ስሙን በኋላ ለብቻው አድርጌ አስተካከልኩ፣ ግን እሱ ያየው የመጀመሪያውን ነው። የሁለቱ 550 ብር በፖስታ ታሽጎ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃችኋል። ማን ምን ሠራ፣ ስሙ የት ይጻፋል፣ ገንዘብ ከመጣ መጀመሪያ ምን ይነሳል፣ የቀረው እንዴት ይከፈላል፣ ገንዘብ ካልመጣስ። የሰው ዕቃ ከተበላሸ ማን ይከፍላል። ሁለት ምስክር፣ ፊርማ፣ ለሁሉም ኮፒ። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁሉም ሲዋደድ። ያን ጊዜ ስትጠይቁ ትንሽ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ።

የባጃጁን ባትሪ ባለፈው ወር ከፈልኩ፣ ዘግይቶ። ብሩን ስሰጠው ቆጠረው፣ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ የፊት መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ።

«አዲስ ነው» አለኝ። «ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው?»

ከረመዳን በፊት አልኩት።